ስክሪን ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ

ዘካርያስን ከፍሳሽ ጉድጓዱ ሲያወጡት፣ በሆስፒታሉ ግቢ የቆመ ሰው ሁሉ የሚሠራበት አንድ እጅ ብቻ ነበረው፤ ሌላኛው አፍንጫው ላይ ነበር። ገመዱን የጎተቱት አራት ጎበዞች ሬሳውን ሣሩ ላይ እንዳሳረፉ ወደ አጥሩ ሮጡ፤ አንደኛው ቁርሱን፣ ሁለተኛው የትናንት ራቱን መለሰ። ዕለቱ ዓርብ ነው። ከአጥሩ ውጭ ወደ አርብ ገበያ የሚወርደው ገበያተኛ አህያውን እየነዳ ያልፋል፤ ሽታው ሲመታው ሰውየው ያማትባል፣ አህያውም ጆሮውን ይጥላል።

ኢንስፔክተር ሃይማኖት ከነፋስ መውጫ የደረሰችው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጎረቤቶቿ እንደሚያሟት፣ ሰው ቤት የቀረበላትን ብርጭቆ ለፀሐይ አንሥታ ሳታይ አትጠጣም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ማንኪያዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። «ጽዱዋ» ይሏታል፤ ሲብስባቸው ደግሞ «አፍንጫ»። እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ እግዜር በዓይነ ምድር ታፍኖ ለሞተ ሰው የላካት። ጤና አዳም አሽታ በሁለቱም የአፍንጫዋ ቀዳዳ ወተፈችና ወደ ሬሳው ጎንበስ አለች።

«ቁስል የለበትም» አለች ዶክተር ሳሮን፣ ጓንቷን እየለወጠች፤ ሦስተኛው ጥንድ ነበር። «የገደለው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ነው። የገባ ሰው ብዙ አይቆይም። ግን እጁን እዪልኝ።»

የቀኝ እጁ ሦስት ጥፍሮች ከሥራቸው ተነቅለዋል።

«ሲወርድ ተጎድቶ ይሆን?»

«ሰው ሲወርድ ጥፍሩ ይነቀላል? እኔ ሐኪም ነኝ፤ መልሱን አንቺ ፈልጊው።»

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ዓለምነህ በመሐረቡ ውስጥ ሆኖ ተናገረ፤ መሐረቡ ሽቶ ተርከፍክፎበታል። «ኢንስፔክተር፣ ነገሩ እኮ ግልጽ ነው። ራሱ ጽፎ ነው የሞተው። ይምጡና ያንብቡት። ከዚያ ሬሳውን ወስደው ይቅበሩልን፤ በሽተኛ እየሸሸብን ነው።»

ወደ ዘካርያስ ቢሮ ስትሄድ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ አሮጊት ነጠላዋን ያዙ። የዘካርያስ እናት፣ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው።

«ልጄ፣ እንዳላየው ከለከሉኝ። አይታይም አሉኝ። ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ፍትሐት ያገኛል ወይ? መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ‹ራሱን ያጠፋ አይፈታም፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢም አይቀበርም› ብለው ልከውብኛል። እንደ ውሻ ከአጥር ውጭ ሊጥሉብኝ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ብቻ ነው የሚጠብቁኝ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት እነግርዎታለሁ፣ እናቴ» አለች ሃይማኖት። ከአፏ ከወጣ በኋላ ምን ቃል እንደገባች ታወቃት፤ ሰዓቷን አየች።

ይህ ሆስፒታል ከስምንት ወር በፊት ርክክብ ሲደረግ ከድንጋይና ከሲሚንቶው ሕንፃ ጋር ሌላ ሕንፃ ተረክቧል፤ የኮምፒዩተር ሕንፃ። «ሞዴሉ» ይሉታል። እያንዳንዱ ግድግዳ፣ ቧንቧና አምፖል፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ ሳይቀር፣ በቁመቱና በወርዱ ስክሪኑ ላይ አለ። ሲነኩት መቼ እንደተገጠመ፣ ማን እንደጠገነው፣ መቼ መታየት እንዳለበት ይናገራል። ሕንፃው ኃጢአቱን ሁሉ እዚያ ይናዘዛል ማለት ነው። ነፍስ አባቱ ደግሞ የጥገና ኃላፊው ዘካርያስ ነበር። ቤተ ልሔም ድጓ ሲማር ያደገ፣ ኋላ ቴክኒክና ሙያ የገባ ልጅ ነው፤ የጥገና ማስታወሻ ሲጽፍ ቁጥሩን በግዕዝ ካልሆነ አይጽፍም። «አምፖል ፳፫ ተቃጠለ፤ ተቀየረ» ብሎ ይመዘግባል። ሠራተኛው ሁሉ ይስቅበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል፤ መጻፉን ግን አይተውም።

አቶ ዓለምነህ የመጨረሻውን ማስታወሻ ከፈተላት። ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ፣ በዘካርያስ ስም፣ ከዚሁ ቢሮ ኮምፒዩተር የገባ ነው።

«ሕይወት አስጠልቶኛል። በጉድጓድ ፩፪ ፈልጉኝ። ዘካርያስ።»

ሃይማኖት ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ፣ ቁጥሩ ሳይቀር፣ እንዳለ ቀዳችው።

«ጉድጓዱ አሥራ ሁለተኛው ነው?»

«ይመስለኛል። እኔ የግዕዝ ቁጥር አላነብም። ትናንትም አልነበርኩም፤ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የገባሁ፤ ደብረ ታቦር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አርባ ሰው ምስክር አለኝ።»

«ምስክር የጠየቅሁዎት አይመስለኝም። ጉድጓዶቹን በተራ ያሳዩኝ።»

አሳያት። ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ያሉት ጉድጓዶች ሲነኩ ፎቶግራፋቸው ይወጣል፤ ሲቆፈሩ፣ ሲገነቡ፣ ሲከደኑ። መጨረሻ ላይ አሥራ ሦስተኛው አለ፤ ማስረጊያ ጉድጓድ ነው፤ ፍሳሹ ሁሉ ተጣርቶ ወደ መሬት የሚሰርግበት። ስፋቱና ጥልቀቱ በሚያምር ሰማያዊ ተሥሏል። ፎቶግራፍ ግን የለውም።

«ይሄኛው ለምን ፎቶ የለውም?»

«እንግዲህ… ረስተውት ይሆናላ።»

«እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል?»

አቶ ዓለምነህ መሐረቡን ወደ አፍንጫው መለሰ። «ሞዴሉ ላይ አለ እኮ።»

ጉድጓድ አሥራ ሁለት ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከጄኔሬተሩ ቤት ጎን ነው። ሐሙስ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጄኔሬተሩ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ውሏል፤ እዚያ አካባቢ ሰው ቢጮህ የሚሰማው ራሱ ብቻ ነው። ሬሳውን ጠዋት ያገኘው የቧንቧ ሠራተኛው ዋሴ እዚያው ቁጢጥ ብሎ ጠበቃት። ሃምሳ የተጠጋው፣ በልጅነቱ ድቁና ተቀብሎ የተወ፣ ምላሱ ከመፍቻው የሚፈጥን ሰው ነው።

«ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔው ልንገርሽ» አለ። «ረቡዕ ዕለት ‹እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምጨምርህ› ብዬዋለሁ። ሁሉም ሰምቷል።»

«ምን አድርጎህ?»

«አንዲት ብሎን ባጠበቅሁ ቁጥር ‹ዋሴ፣ ሞዴሉ ላይ መዝግብ!› ሚስቴን ብፈታም መዝግብ ሳይለኝ አይቀርም ነበር! አናዶኝ ነው። እሱም ስቆ ሻይ ጋበዘኝ።» መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ገዳይ ሻይ ይጋበዛል?»

«ይጋበዛል፤ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ክዳኑ ጠዋት እንዴት ነበር?»

«ክፍት። መንጠቆው አጠገቡ ወድቆ።»

«ከባድ ነው?»

«በመንጠቆው አንድ ብርቱ ሰው ይጎትተዋል። ከውስጥ ሆኖ ለመግፋት ግን ሶምሶንም አይበቃ።»

«ገልብጡት።»

ዋሴና ሳጅን ደምሌ ክዳኑን ገለበጡት፤ ወዲያው ሁለቱም ወደኋላ አሉ። የክዳኑ ሆድ ጥቁር አተላ የተለጠፈበት፣ ትል የሚርመሰመስበት ነው። በአተላው መካከል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ የሰው ጣት የቧጠጠው መስመር ተጋድሟል፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። በአንደኛው መስመር ጫፍ ላይ አንድ ጥፍር ተሰክቶ ቀርቷል።

ሃይማኖት ፊቷን አዞረች። ጤና አዳሙ አልረዳትም፤ ከገደሉ አፋፍ ጎንበስ ብላ ሆዷን አራገፈች። ማንም አልሳቀባትም።

«እግዚኦ!» አለ ዋሴ። «ተዘግቶበት ነበር ማለት ነው?»

«ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ክዳን አይቧጥጥም» አለች፣ አፏን እየጠረገች። «ዘግቶ ጠበቀው። ዝም ሲል ከፈተው። አፍህን ያዝ።»

በልቧ ግን ነገሩ እንዳላለቀ ታውቃለች። ጽሑፉ የዘካርያስ ከሆነ ወዶ ገብቷል ይባላል፤ ክዳኑን ሳያውቅ መንገደኛ ዘግቶበት ነው ይባላል። ጽሑፉ ካልወደቀ ክዳኑ ብቻውን ሰውየውን አያስፈታውም። ሰዓቷ አምስት ተኩል ይላል።

አሥራ ሦስተኛው ጉድጓድ በሞዴሉ መሠረት ከዚያ አሥራ አምስት እርምጃ ይርቃል። ቆጥራ ሄደች። የቆመችው ጥቁር አለት ላይ ነው። ሳጅን ደምሌ በዶማ ሲመታው ዶማው እሳት ተፍቶ ተመለሰ። ከአሥራ ሁለተኛው ጉድጓድ የሚወጣው ቧንቧ ግን በአለቱ ጎን አልፎ፣ ከቁጥቋጦ ሥር ተደብቆ፣ አፉን ወደ ገደሉ ከፍቷል። የሚያንጠባጥበውን ያየ ሰው የሚበላው እስኪያምረው ቀናት ያልፋሉ። ቁልቁል ስትመለከት፣ ከገደሉ ግርጌ፣ የዋሻ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ቆርቆሮ ይታያል።

ኢንጂነር ዘላለም የሆስፒታሉን ግንባታ የተቆጣጠረና ሞዴሉን ለሆስፒታሉ ያስረከበ ሰው ነው። ሐሙስ ከባሕር ዳር መጥቶ አርብ ገበያ አድሯል፤ ወሬውን ሲሰማም ወደ ግቢው ተመልሷል። ጫማው ያብለጨልጫል፤ ቃሉም እንደዚያው።

«ዘካርያስ ነው በስልክ የጠራኝ፤ ‹አንድ ነገር ላሳይህ› ብሎ» አላት። «ስምንት ሰዓት ደረስኩ። ቢሮው ውስጥ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅሁት። አልመጣም። ተናድጄ ሄድኩ። አሁን ሳስበው አዝናለሁ፤ ያኔ ጉድጓድ ውስጥ ነበር።»

«ቢሮው ውስጥ ብቻዎን ነበሩ?»

«ዋሴ ይወጣል ይገባል፤ ምሳውን እዚያ ነው የሚበላው። ደግሞ ያ መሪጌታ መጥቶ ሲጮህ ነበር። ዘካርያስን ሊገድለው የሚፈልግ ሰው ይመስል ነበር።»

«ሞዴሉ የሚከፈተው በምንድን ነው?»

«በይለፍ ቃል። ለሁሉም ሠራተኛ እኔ ነኝ ያወጣሁላቸው፤ ይቀይሩ ብያለሁ፤ አይቀይሩም።» ሳቀ። «አገራችን እኮ ነው።»

ሃይማኖት ደብተሯን ገልጣ የአሥራ ሦስቱን ጉድጓዶች ረቂቅ አሳየችው፤ ክብ ክብ ብቻ ነው፤ ቁጥር የለውም። «ወደ ጠበሉ መውረዴ ነው። የመሪጌታው ዓይን የፈረንጅ ቁጥር አልለመደም ይባላል። እርስዎ ከዘካርያስ ጋር ሲሠሩ ከርመዋል፤ የእሱን ቁጥር ይችሉ ይሆን?»

«ይሄ? ምን ይከብዳል! የስልኬ ኪቦርድ ላይ አለ እኮ።» እስክሪብቶዋን ተቀብሎ ክቦቹ ውስጥ መጻፍ ጀመረ። እስከ ዘጠኝ በፍጥነት ሄደ። አሥረኛው ላይ ሲደርስ ቆም አለ። «ዜሮውን እንዴት ነበር የሚጽፉት?»

«እንደመሰለዎት ይጻፉት።»

ጨርሶ ሰጣት። አመስግናው ወረቀቱን አጣጥፋ መዝገቧ ውስጥ ከተተችው። የረካ ልጅ ፊት ነበራት፤ ደግነቱ ጀርባዋን ሰጥታው ነበር።

ወደ ጠበሉ የሚወስደው መንገድ ሃያ ደቂቃ ያስወርዳል። ቅስናም ያላቸው መሪጌታ ገብረ ሥላሴ የጠበሉን በር በሰንሰለት ዘግተው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ደጁ ላይ ቆመዋል። ጄሪካን የያዙ ሴቶች ይለምኗቸዋል፤ እሳቸው አይሰሙም።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት፣ ማንነቷን ሳይሆን ዘሯን።

«የመምህር ወልደ ማርያም፤ የቤተ ልሔሙ።»

«እህ! ድጓ ያቃኑኝ! ዜማ ስስት በአለንጋ የገረፉኝ!» ፊታቸው ለአፍታ በራ፤ ወዲያው ጨለመ። «እንግዲህ የመምህር ልጅ ከሆንሽ ቀኖናውን ታውቂያለሽ። ራሱን ያጠፋ አይፈታም። እኔ አልሽረውም።»

«ከዘካርያስ ጋር ተጣልተዋል ይባላል።»

«ማክሰኞ መጥቶ ‹የኔታ፣ የሆስፒታሉ ፍሳሽ ጠበሉ ውስጥ ይገባል› አለኝ። ጠበል ይረክሳል ወይ ብዬ በመቋሚያ አባረርሁት። ‹እንግዲያው ዓይንዎ እንዲያይ አደርጋለሁ› ብሎኝ ሄደ።» ምራቃቸውን ዋጡ፤ መዋጣቸውንም የጠሉ መሰሉ። «ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ጠበሉ ወይን ጠጅ ሆኖ ወረደ።»

«ወይን ጠጅ?»

«ቀለሙ! ቀለሙ ወይን ጠጅ ሆነ! ሴቶቹ ዕልል አሉ። ‹ቃና ዘገሊላ! ውኃው ወይን ሆነ!› ብለው በጽዋ ጠጡ፤ ሕፃናት አጠጡ። እኔም…» ዓይናቸውን ከጄሪካኖቹ አሸሹ። «እኔም ሁለት ጽዋ ጠጣሁ፣ ልጄ። ጨው ጨው አለኝ። ጸጋ ነው አልኩ። ያን ጊዜ ዘካርያስ ገደሉን እየተንደረደረ ወረደ። ‹አትጠጡ! ሽንት ቤቱ ውስጥ ጂቪ የደፋሁት እኔ ነኝ!› እያለ ይጮሃል። ያ ወይን ጠጅ የመሰለ የቁስል መድኃኒት፤ አፉ የቆሰለ ልጅ የሚቀቡት።»

ከሴቶቹ አንዷ ጄሪካኗን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና በነጠላዋ ከንፈሯን ደጋግማ አሸች።

«ከዚያስ?»

«‹አሁን የሚያይ ሰው አመጣለሁ፤ ከሕንፃው ጌታ ጋር አብረን ጉድጓዱን እናያለን› ብሎኝ ወጣ። እኔ እዚህ የጠጣሁትን ስመልስ ቆየሁ። አሥር ሰዓት ላይ ወጥቼ ቢሮው ሄድኩ፤ ልጮህበት ነው ልለምነው አላውቅም። እሱ የለም። ያ ኢንጂነር አለ፤ እጁን ይታጠባል። ሦስት ጊዜ ሳሙና መታ፤ ቆጠርሁት። ‹ዘካርያስ የለም› አለኝና አራተኛ መታ።»

«የኔታ፣ ሰው ገድሎት ቢሆንስ?»

«ሰው ገደለው በይኝ፣ እኔው ራሴ እፈታዋለሁ። ይቅርታም እጠይቀዋለሁ። ግን በእጁ የጻፈውን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ይምጡ» አለችና ዳገቱን ተያያዘችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በሆስፒታሉ አዳራሽ ተቀመጡ። አቶ ዓለምነህ ከፊት፣ ኢንጂነር ዘላለም እግሩን አነባብሮ፣ ዋሴ ከግድግዳው ጥግ፣ መሪጌታው ከመስኮቱ ሥር፣ ዶክተር ሳሮን በሩ አጠገብ። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ እንዳይገቡ አቶ ዓለምነህ ቢከራከርም ሃይማኖት መሐል ላይ አስቀመጠቻቸው። ሞዴሉ ግድግዳው ላይ በትልቁ በርቷል፤ ሆስፒታሉ ንጹሕ፣ ነጭ፣ ሽታ የሌለው ሆኖ ይታያል።

«ይህን ሕንፃ እዩት» አለች ሃይማኖት። «እንደዚህ ቢሆን ኖሮ ዘካርያስ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር። አንደኛ ነገር፤ ክዳኑ። ከሥሩ በሰው ጥፍር ተቧጥጧል። ዘካርያስ ጉድጓዱ ውስጥ ሳለ ተዘግቶበታል፤ ኋላ ተከፍቷል።»

«አንዱ ሳያውቅ ዘግቶት ይሆናላ!» አለ አቶ ዓለምነህ።

«ይሆናል። ጽሑፉ የእሱ ከሆነ። የኔታ፣ እስኪ ሰሌዳው ላይ አሥራ ሁለትን በግዕዝ ይጻፉልኝ።»

መሪጌታው ግር ቢላቸውም ተነሥተው ጻፉ፤ ፲፪።

«ዋሴ፣ አንተስ?»

«የተውኩት ድቁና ዛሬ ጠቀመኝ» እያለ ዋሴም ጻፈ፤ ፲፪።

«አሁን ዘካርያስ ጻፈው የተባለውን እዩ።» ግድግዳው ላይ ማስታወሻው ወጣ። «በጉድጓድ ፩፪ ፈልጉኝ።»

መሪጌታው ዓይናቸውን አጥብበው ቀረቡ። ከዚያ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ምንድን ነው ይሄ! ይህ አሥራ ሁለት አይደለም! ‹አንድ፣ ሁለት› ነው! በግዕዝ አሥር የራሱ ፊደል አለው፤ ፲ ካልተጻፈ አሥር የት ይመጣል? ፊደል የቆጠረ ሕፃን እንኳ አይስተውም! ዘካርያስ? የቤተ ልሔም ልጅ? ይህን ቢጽፍ መምህሩ ከመቃብር ተነሥተው ይገርፉት ነበር!»

«ይህን የጻፈው» አለች ሃይማኖት «ቁጥር በፈረንጅ የተማረ ሰው ነው። አንድን ከሁለት ጎን ሲያስቀምጠው አሥራ ሁለት የሚሆን የመሰለው፤ ግዕዝ ዜሮ እንደሌለው የማያውቅ። ትናንት ከሰዓት በኋላ በዘካርያስ ቢሮ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። የኔታ አይስቱም። ዋሴ አይስትም። አቶ ዓለምነህ ደብረ ታቦር ነበሩ።» ከመዝገቧ የታጠፈውን ወረቀት አወጣች። «ይህ ደግሞ ጠዋት ኢንጂነሩ የጻፈልኝ ነው።»

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አሥረኛው ክብ ውስጥ ፩ ከጎኑ ትንሽ ዜሮ ተሥሎለታል። አሥራ አንደኛው ውስጥ ፩፩። አሥራ ሁለተኛው ውስጥ ፩፪።

«ግዕዝ ቁጥር ላይ ዜሮ!» አለ ዋሴ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየለትም።

ዘላለም ያነባበረውን እግሩን አወረደ። «ፊደል በመሳት ሰው ይታሰራል? ስንቱ ሰው እንዲህ ይጽፋል!»

«ስንቱ ሰው የዘካርያስን የይለፍ ቃል ያውቃል? ያወጣህለት አንተ ነህ።» «እርስዎ» ከአፏ የጠፋው እዚህ ላይ ነበር፤ አዳራሹ ሁሉ ልብ አለው። «ስንቱ ሰው አሥር ሰዓት ላይ እጁን አራት ጊዜ በሳሙና ታጠበ? ዘካርያስ ከባሕር ዳር ጠራህ፤ አምኖህ ነው የጠራህ። የቧንቧውን መንገድ በጂቪ ካረጋገጠ በኋላ ‹ና እንይ› አለህ። ቧንቧውን ፎቶ ሊያነሣ ወረደ። አንተ ክዳኑን ጎተትክበት። ጄኔሬተሩ እያጓራ ነው። ዝም እስኪል ጠበቅህ፤ ከፈትህ፤ ታጠብህ፤ የኔታ ከሄዱ በኋላ ቁጭ ብለህ የሞተ ሰው ስም ፈረምክ። ሁሉም ለአሥራ ሦስተኛው ጉድጓድ ነው። የታለ ጉድጓዱ?»

«ሞዴሉ ላይ…»

«ሄጄበታለሁ! የቆምኩት አለት ላይ ነው!»

«አለት ነው!» ዘላለም ዘሎ ተነሣ። «አዎ አለት ነው! ሦስት ወር ደበደብነው፤ አልቆፈር አለ! ርክክቡ ደርሷል፤ ስሜ ያለው እሱ ላይ ነው፤ ምን ላድርግ? ሣልኩት! ገደል ነው አልኩ፤ ማን ይወርዳል አልኩ! እሱ ደግሞ ‹ሰኞ ከጤና ቢሮ ለሚመጡት ተቆጣጣሪዎች አሳያለሁ› አለኝ። ‹የሙያ ፈቃድህን ይነጥቁሃል› አለኝ፤ እየሳቀ!»

«እየሳቀ አይደለም» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «የዚያን ዕለት ያለቅስ ነበር።»

ሳጅን ደምሌ ካቴናውን ሲያስገባለት ዘላለም አልታገለም፤ ካቴናው የሸሚዙን እጅጌ እንዳያቆሽሽበት ክንዱን ብቻ አራቀ። ሃይማኖት ይህን አየች፤ ጠዋት ካየችው ትል ይህ የባሰ አስጠላት።

«እርስዎስ?» አለችው አቶ ዓለምነህን። «አሥራ ሦስት ጉድጓድ ተረክቤአለሁ ብለው ፈርመዋል። ወርደው አላዩም?»

«ሽታው…» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ መሐረቡን እየጨበጠ። «ሽታው አያስጠጋም ነበር። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ስለነበረ…»

«ስምንት ወር» አሉ መሪጌታ። «ስምንት ወር ሙሉ አገሬውን ያንን አጠጣሁ። ሕፃን አጠመቅሁበት። እሱ መጥቶ ሲነግረኝ በመቋሚያ…» ወደ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ሄደው፣ መሪጌታ ሆነው ሳለ፣ ከእግራቸው ሥር ጎንበስ አሉ። «እናቴ፣ ይፍቱኝ። ልጅዎ ሰማዕት ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፤ ደወሉን ራሴ እደውላለሁ። ከመቅደሱ ምሥራቅ እናሳርፈዋለን።»

«ሳይገነዝ?» አሉ ሴትዮዋ።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ሰውን ማየት ጀመረ። ሬሳው አሁንም ሣሩ ላይ፣ በላስቲክ እንደተሸፈነ፣ ፀሐይ እየበላው ነው። የሚያጥበው ሰው ጠዋት ተፈልጎ ጠፍቷል። የቀን ሠራተኞቹ እንቢ ብለዋል፤ ገናዦቹም «ወንዝ አውርዳችሁ ነክራችሁ አምጡልን» ብለዋል።

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ተነሡ። ነጠላቸውን አውልቀው ለሃይማኖት ሰጧት፤ የቀሚሳቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ፤ ባልዲ ከማን እንደሚገኝ ዋሴን ጠየቁት።

«እናቴ፣ እርስዎ አይችሉትም» አለች ዶክተር ሳሮን። «ሽታው ይጥልዎታል። ቢያንስ ጓንት…»

«ምኑን ነው የማልችለው?» አሉ አሮጊቷ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊትና ቀን ከዚሁ ስጠርገው ኖሬያለሁ፤ ያኔ ማንም ጓንት አልሰጠኝ። የልጄ ይሸተኛል ብላችሁ ነው?»

ባልዲውን ይዘው ወጡ። መሪጌታ መቋሚያቸውን መስኮቱ ሥር ትተው ተከተሏቸው፤ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ።